የናርዶስ ማረፊያ

ናርዶስ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ የሰልስቱ ሰው ገና ከግቢያችን ወጥቶ ሳያልቅ፣ ነጥቧ ተለቀቀ። ከቀበሌው ቀመር ክፍል የመጣው መልእክት አጭር ነበር። የባለቤትዎ ቀመር ከዛሬ ጀምሮ በከተማው ይንቀሳቀሳል፤ እስከ አርባ ድረስ ማረፊያዋን ይወስኑ ይላል። አንብቤ ሳልጨርስ በራችን አጠገብ ያለው የመንገድ ምሰሶ ጠቅ አለ። ቀጥሎ ከሱ በታች ያለው፣ ከዚያም ወደ ሆጤ መታጠፊያው ላይ ያለው። ባለቤቴ ከቤት መውጣቷ ነበር። እንደ ወትሮዋ ቸኩላለች።

ደሴ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ባጃጆች ያለ ሾፌር መሄድ ከጀመሩ ወዲህ እያንዳንዳችን ቀመር አለን። ቀመሩ ሰውን እንደምትንከባለል ሽምብራ፣ ከተማውን እንደ ጎድጓዳ ትሪ ያየዋል። የምታዘወትረው ቦታ ጉድጓድ ይሆናል፣ የምትሸሸው ቦታ ጉብታ። ባጃጁ ሳትጠራው ደጅህ ቆሞ የሚጠብቅህ ወዴት እንደምትንከባለል ስለሚያውቅ ነው። ሰው ሲሞት ቀመሩ በዚያው ቀን እንዲሰረዝ ነበር የታሰበው። የከተማው ቅሬዎች፣ የቀብር ዕድሮቹ፣ ግን እምቢ አሉ። ሬሳ እንኳ ሳይለቀስለት አይቀበርም፣ ይህንን ያህል ዓመት ስትከታተሉት የኖራችሁትን አካሄድ እንዴት በአንድ ጊዜ ታጠፉታላችሁ ብለው ተከራከሩ። አርባ ቀን ተፈቀደላቸው። እስከዚያ ሟቹ በስልካችን ካርታ ላይ ነጥብ ሆኖ ይሄዳል፣ ባለፈበት ምሰሶው ጠቅ ይላል።

ስለዚህ ነጥብ ሲያልፍ ባጃጆች ባዶ መንገድ ላይ ይቆማሉ። ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ብድግ ይላል። አንዱ ስልኩን አይቶ የሟቹን ስም ይናገራል፣ ክርስቲያኑ ነፍስ ይማር ይላል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል። ከዚያ ምሰሶው ጠቅ ማለቱን ሲያቆም ሁሉም ወደ ጨዋታው ይመለሳል። የናርዶስ ነጥብ ባለፈ ቁጥር ግን ሰው ስልኩን ማየት አላስፈለገውም። በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ሌላ አልነበረም።

የቅሬያችን የድስት ኃላፊ ነበረች። ለቅሶ በተሰማ ቁጥር ድስቱን፣ ጉልቻውን፣ ሴቶቹን የምታሰማራው እሷ ነች። ሰው ከመሞቱም በፊት ትሄዳለች። ሕመሙ የጠናበት ቤት ትገባና አጫውታ፣ አስቃ፣ ስትወጣ ግቢውን በዓይኗ ትቃኘዋለች፤ ድስቱ የት ይጣዳል፣ ውሃው ከየት ይመጣል። ሁሉም ያውቅባት ነበር። የታመመ ሰው ራሱ ናርዶስ ግቢዬን መቃኘት ከጀመረች ፈራሁ እያለ ይቀልድባት ነበር።

እኔ ሥራዬ ከቤት ነው። ማሽኖች የሰው ንግግር ሰምተው የጻፉትን፣ ድምፁን እየሰማሁ ስሕተቱን አርማለሁ። ወሎዬው ምን እንዳለ፣ ጎጃሜው ምን እንዳለ፣ ሳል የቱ ነው፣ ሳቅ የቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ግድም በዚያች ክፍል ተቀምጫለሁ።

ለማረፊያው ጉዳይ ቀመር ክፍል ስሄድ ኪሩቤል የሚባል ወጣት አስተናገደኝ። ምርጫው ሁለት ነው አለኝ። አንደኛው ሰበቃ ነው። በነጥቧ ላይ ሰበቃ ሲጨመርባት ቀስ በቀስ ትደክምና አንድ ቦታ ትቆማለች፤ የቆመችበት ቦታ ለዘለዓለም የሷ ይሆናል፣ ባጃጅ አያልፍበትም፣ ግንብ አይሠራበትም። ሁለተኛው ደመና ነው። በደመና ነጥብ የለም፤ ከተማው ላይ የተረጨ ስስ ጥላ አለ፣ የት ልትገኝ እንደምትችል ብቻ የሚናገር። ደመና መንገድ ስለማይዘጋ አርባ ካለፈም አይሰረዝም። ግን እዚህ ነች ማለት አይቻልም። ከሁለቱ አንዱን ሳይመርጡ አርባ ከሞላ ቀመሩ ይጠፋል።

ቀመሩ ይለወጣል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ቀመሩ ያው ነው ጋሼ። ጉልበቷን የሚጽፈው መስመር አንድ ነው። በነጥብ ሲያነቡት መንገድ ይሰጥዎታል፣ በኳንተም ሲያነቡት ደመና ይሰጥዎታል።»

እኔ ሰበቃውን እፈልጋለሁ፣ ቤቴ እንድታርፍ ነው የምፈልገው አልኩት። ኪሩቤል የናርዶስን መልክዓ ምድር ከፈተልኝ። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ሸዋ በር በጉድጓድ የተበሳሳ ነው፤ ወንፊት ይመስላል። ለቅሶ የነበረበት ቤት ሁሉ ጉድጓድ ነው። የቆየው ለቅሶ ጉድጓድ እየሞላ፣ የአዲሱ እየጠለቀ ይሄዳል። ቤታችንን ፈልጌ አጣሁት። በጣቱ አሳየኝ። ዳገት ላይ ያለች ትንሽ ስርጉድ ነገር ነበረች፣ ሰው እግሩን የሚያሳርፍባት ደረጃ የምታህል።

«እትዬ ናርዶስ ቤት ውስጥ ይቀመጡ ነበር?» አለኝ።

ማታ ማታ እንጂ አልኩት። እንቅልፍ አይቆጠርም አለኝ። የተኛ ሰው ባጃጅ አይፈልግም።

ተናደድኩና እስቲ የኔን አሳየኝ አልኩት። ከፈተው። ጥልቅ የሆነ አንድ ጉድጓድ፣ ዙሪያውን ሜዳ። ኪሩቤል ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። «የእርስዎማ በአንድ መስመር ያልቃል» አለ። ከዚያ አፍሮ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። የአብዛኛው ሰው ጉልበት ድምሩ አይለወጥም፤ ቁልቁል ሲወርድ የሚያገኘውን ፍጥነት ሽቅብ ሲወጣ ይከፍለዋል። የሷ ቀመር ግን በውስጡ ጊዜ አለበት። ለቅሶ በተነሣ ቁጥር አዲስ ጉድጓድ በሥሯ ይከፈታል፣ በወደቀች ቁጥር ጉልበት ትጨምራለች። በቆዩ ቁጥር እሷን ማስቆም ይከብዳል አለኝ።

ፊዚክስ የተማርኩት በዚያ ሰሞን ነው። ከአሮጌ የትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ ያለ አስተማሪ። የተረዳሁት ጥቂት ነው። የጉልበቱ መስመር በየት በኩል እንደሚያዘቀዝቅ ካወቅህ ነገሩ ወዴት እንደሚገፋ ታውቃለህ፤ የእንቅስቃሴ እኩልዮሽ የሚሉት ይህንን ነው። ለምን እንደሚሄድ ግን አይጠይቅም። ሽምብራዋ ወደ ጉድጓዱ የምትወርደው ስለምትወደው ነው ወይስ ስለሚያዘቀዝቅ ነው የሚል ጥያቄ በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም። እኔ ግን ከዚያ ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም።

በአራተኛው ሳምንት ሩቅያ መጣች። የጋሽ ሙባረክ ልጅ ነች። ጋሽ ሙባረክ ከኛ በታች ሁለት መታጠፊያ ዝቅ ብሎ የሚኖር፣ ኩላሊቱ መሥራት ካቆመ ብዙ ዓመት የሆነው ሰው ነው። ሩቅያ ወንበር ስሰጣት አልተቀመጠችም። የናርዶስ ነጥብ በየቀኑ በእኩለ ቀን መጥቶ በራቸው ላይ ቆሞ እንደሚውል ነገረችኝ። ለቅሶ ከሌለ እስከ ማምሻው አይንቀሳቀስም። ጎረቤት መምጣት ትቷል፤ ድስት ኃላፊዋ ደጃፉ ላይ ቆማ ማን ይገባል። እሱስ ይሁን አለች። ባጃጁ ግን ነጥቧን አልፎ ወደ ግቢው አይገባም። ለኩላሊት እጥበት በሄዱ ቁጥር አባቷን በወንበር ተሸክመው እስከ ታችኛው አስፋልት ያወርዱታል፣ ሲመለስ ደግሞ ዳገቱን ተሸክመው ያወጡታል። ባለፈው ጊዜ ከተሸካሚዎቹ አንዱ አዳልጦት ወድቀዋል።

«ጋሼ፣ እትዬ ናርዶስን እንዴት እንደምወዳቸው ያውቃሉ። ደመና ያድርጓቸው። ዛሬውኑ።»

ጥቂት ቀን ስጪኝ አልኳት። ወደ ቤት ስትመጣ ጠብቄ ሰበቃውን እጨምርና እዚህ አሳርፋታለሁ፤ ያንጊዜ በራችሁ ይለቀቃል አልኳት። ሩቅያ አየችኝና ቤቱን አየችው። ጠረጴዛዬን፣ ማዳመጫዬን፣ በሩ ላይ የለጠፍኩትን ወፍራም ስፖንጅ። ከዚያ ወጣች።

በማግስቱ ጋሽ ሙባረክን ልጠይቅ ወረድኩ። ይህንን ያህል ዓመት ጎረቤት ሆነን ግቢው ስገባ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። በመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ተጋድሞ በሩን ይመለከታል። ከውጪ ምሰሶው በየተወሰነ ጊዜ ጠቅ ይላል፤ ናርዶስ ቆማለች።

«ዮናታን፣ መጣህ?» አለኝ። «ሚስትህ እንደሆነች ድስቱን የት እንደምትጥድ ገና አልወሰነችም። እኔም ሳትወስን አልሞትባትም።»

ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አብሽር ብሎ አቋረጠኝ። ልጅቱን አትስማት፣ የምትሸከመኝ እሷ ስለሆነች ነው አለ። እሱ እንደሆነ ነጥቧ ደጁ መቆሟን ወዶታል። ቀኑ ረጅም ነው። ናርዶስ በሕይወት ሳለች በዚህ ሰዓት መጥታ እዚያች በርጩማ ላይ ትቀመጥና ታወራው ነበር። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ የሞተውን ሁሉ እያስመሰለች ታሳየው ነበር። ጎኑን ይዞ እስኪለምናት ድረስ ታስቀዋለች። አንዳንዴ ደግሞ ታንጎራጉር ነበር አለኝ፤ ድምፅዋ ደህና ነበር፣ ብቻ ግጥሙን ታበላሸዋለች።

ስታንጎራጉር ሰምቻት እንደማላውቅ ነገርኩት።

ጋሽ ሙባረክ ቀልድ መሰለው። «ቤት ውስጥ ዝም ትላለች እንዴ?»

ሥራዬ ጸጥታ እንደሚፈልግ አስረዳሁት። የተቀዳ ድምፅ ስሰማ የሌላ ሰው ድምፅ ከገባበት ይበላሻል። ስለዚህ በእግሯ ጣት ትራመድ ነበር፣ ሳህኑን በጨርቅ ላይ ታስቀምጠው ነበር፣ ስልክ ሲደወልላት ወደ ውጪ ትወጣ ነበር። አንድም ቀን ቅር ብሏት አያውቅም አልኩት። ይህን እየተናገርኩ ድምፄን ሰማሁት። በየቀኑ የሰዎችን ንግግር ስለማርም ሰው የራሱን ቃል ሳያምነው ሲናገር እንዴት እንደሚሰማ አውቃለሁ።

ጋሽ ሙባረክ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ይኸውልህ፣ ወሬኛ ሰው ነበረች» አለ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሥራ አልሠራሁም። ስልኬን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። በቅሬያችን ሁለት ለቅሶ ተከታትሎ ተነሣ፣ አንዱ ሙጋድ፣ አንዱ ቧንቧ ውሃ፤ ናርዶስ በሁለቱ መካከል ስትመላለስ ፍጥነቷ ጨመረ። በቤታችን በኩል አንድ ጊዜ ስታልፍ ምሰሶው አንዴ ብቻ ጠቅ ብሎ ቀረ። እጄን እንኳ ለማንሣት አልደረስኩም። ፍጥነቷ እንዳይብስ ብዬ ከእንግዲህ ማንም እንዳይሞት መጸለይ ጀመርኩ፤ ለሰዎቹ ብዬ አልነበረም።

የሙጋዱ ለቅሶ ሰልስቱ አለፈ፣ የቧንቧ ውሃውም ተበተነ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ምሰሶዎቹ ከላይ በኩል ቀስ ብለው ጠቅ ጠቅ ሲሉ ሰማሁ። ወደ ቤት እየመጣች ነበር። በራችን ላይ ስትደርስ አውራ ጣቴን ስልኬ ላይ አኖርኩ፤ ሰበቃውን ተቀበለ።

ገባች። የበሩ ምሰሶ ጠቅ አለ፣ ቆየ፣ ጠቅ አለ፣ ከበፊቱ ይልቅ ቆየ። በስልኬ ላይ ነጥቧ በረንዳችን ጫፍ ላይ ነበረች፣ እኔ ከተቀመጥኩበት ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብላ። ፍጥነቷ ወደ ባዶ እየተጠጋ ነበር። ሥራ የሌለኝ ሰው ስለሆንኩ አሁን ማውራት ትችያለሽ ልላት አስቤ ነበር። ሰው ቢሰማኝ አፍራለሁ ብዬ ተውኩት። ምሰሶው እንደገና ጠቅ ሲል ነጥቧ ከበረንዳው ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብላለች። ቀጥሎ ደጃፉ ላይ ነበረች። ቀጥሎ መንገዱ ላይ።

ኪሩቤል ጋር ደወልኩ። ስክሪኑን እያየ እንደሆነ ድምፁ ያስታውቅ ነበር።

«ሰበቃ ያዘገያል እንጂ መንገድ አያስቀይርም ጋሼ። ቁልቁለት ላይ ነው የያዟቸው።»

ተከትያት ወረድኩ። ከዚያ በፊት ናርዶስን ተከትዬ ወርጄ አላውቅም፤ አብረኸኝ ሂድ ስትለኝ ትራመጃለሽ እንዴ፣ ትሮጫለሽ እንጂ እላት ነበር። ያን ቀን ግን እኔ ከምራመደው ይልቅ ቀስ ትል ነበር። በአንድ ምሰሶና በሚቀጥለው መካከል ቆሜ እጠብቃታለሁ። ባዶ ባጃጆች በሁለታችንም ፊት ይቆሙ ነበር። አንዲት ሴት ከሱቅ ወጥታ ስልኳን አየች፣ እኔን አየች፣ ነፍስ ይማር ልትል ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ሳትለው ቀረች። አብረን የምንሄድ ባልና ሚስት መስለናት ይሆናል።

ጋሽ ሙባረክ ግቢ ገባች። በበሩና በመስኮቱ መካከል ትወዛወዝ ጀመር፤ ወደ በሩ፣ ወደ መስኮቱ፣ እየቀነሰች፣ እየቀነሰች። ኪሩቤል በስልኩ ከማምሻው በፊት ጨርሳ ትቆማለች አለኝ። ከቆመች ወዲያ ግን ሊነካት የሚችል የለም፤ ማረፊያዋ እዚህ ሆኖ ይመዘገባል። ለማዛወር ጊዜ ያለው አሁን ብቻ ነው፣ ያውም ወደ ደመና ብቻ።

ሩቅያ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ነገሩን እንዳወቀች ፊቷ ይናገር ነበር። አልጮኸችብኝም። ነገ እጥበት አለበት አለች፤ ይህንን ብቻ።

ከመስኮቱ ጋሽ ሙባረክ ተጣራ። «ተዋት ዮናታን። ትረፍ። ስንት ዓመት ለሰው ስትሮጥ የኖረች ሰው እኔ ደጅ ብታርፍ ምን አለበት? ይሸከሙኝ። ከብጄ ነው? አጥንት ብቻ ነው የቀረኝ።»

«በሩ ለዘለዓለም ይዘጋል ጋሽ ሙባረክ» አልኩት። «የሚዘጋው በእርስዎ ላይ ብቻ አይደለም።»

«ለዘለዓለም የሚኖር ማን አለ?»

«ሩቅያ አለች።»

ስልኬን አወጣሁ። እዚህ ናት ብዬ የምቆምበት መሬት ፈልጌ ነበር። ቤቴ ባይሆን እንኳ፣ ይህ ግቢም ቢሆን፣ በየቀኑ መጥቼ የምቆምበት ክንድ የምታህል ቦታ። ወደ በሩ ስትመለስ አየኋት፤ አሁን የምትሄደው ከአንድ እርምጃ አይበልጥም። ሌላ ሰው ደጅ ላይ ተገትራ የታመመ ሰው በወንበር በላይዋ ሲያሻግሩት መኖር ናርዶስ የምትፈልገው ነገር አልነበረም። ይህን ለማወቅ ቀመር አያስፈልግም። አውራ ጣቴን ደመናው ላይ አኖርኩ።

ምሰሶው ዝም አለ።

ሦስታችንም ዝምታውን ሰማነው። ቆይቶ ጋሽ ሙባረክ ሄደች ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«አልሄደችም። በሁሉም ቦታ ትንሽ ትንሽ ሆናለች።»

«እሱማ ድሮም እንደዚያው ነበረች» አለ።

ደመናውን አሁንም አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ። ጥላው ቀስ እያለ ይነቃነቃል፤ ኪሩቤል እንደነገረኝ በኳንተም ንባብ ዝቅተኛው ጉልበት ላይ የደረሰ ነገር እንኳ ጨርሶ አይቆምም። በጋሽ ሙባረክ ግቢ ላይ ጠቆር ያለ ነው፣ ለቅሶ ባለበት ቤት ላይ ይበልጥ ይጠቁራል። በቤታችን ላይ ያለው ጥላ በጣም ስስ ከመሆኑ የተነሣ መጀመሪያ ላይ የለም ብዬ ነበር። አለ። ነጥቧ ልትቆምበት ያልቻለችበት ዳገት ላይ ደመናዋ ትንሽ ታርፋለች። ምሰሶዎቹም እንደ ድሮው ተራ ጠብቀው ጠቅ አይሉም። አንዱ ሸዋ በር፣ ቀጥሎ አንዱ ሙጋድ፣ ምክንያቱን ማንም ሊነግርህ አይችልም። ሰዉ ለደመና ብድግ አይልም። ባጃጁም አይቆምም።

እኔ እኩለ ቀን ላይ ወደ ጋሽ ሙባረክ እወርዳለሁ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ እንደሷ ማውራት ባልችልም ከማሽኖቹ የሰማሁትን ስሕተት እነግረዋለሁ፣ ማሽኑ የጎንደሬውን ሳል ምን ብሎ እንደጻፈው፣ እሱም ይስቃል። ለቅሶ ሲኖር ወደ ለቅሶ ቤት እሄድና ውሃ አቀርባለሁ። ጥላው የሚጠቁረው በዚያ ነው፤ ምሰሶው ጠቅ ቢል የምሰማው በዚያ ነው ብዬ ነበር። እስካሁን እኔ ባለሁበት አንድም ቀን ጠቅ አላለም።

ባለፈው ሐሙስ ከቧንቧ ውሃ ለቅሶ ስመለስ ከበራችን ፊት ለፊት ልብስ የምትሰፋው ጎረቤቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ጠራችኝ። የናንተ ምሰሶ ዛሬ ጠቅ ሲል ነበር አለችኝ። ለረጅም ጊዜ ቆየ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ እንደሚያንኳኳ ዓይነት፣ እርስዎ አልነበሩም እንጂ።

አዎ፣ ወጥቼ ነበር አልኳት።